አባባ፣ የቤቱን ኢንተርኔት ከሐዋሳ ሆኜ ላስተካክልልዎ?

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? በነሐሴ የሱሉልታ ብርድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና ማታ ማታ ወደ ግቢ ባይወጡ ደስ ይለኛል። እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጆቹ በቪዲዮ ካላዩዎት እሑድ እሑድ አይመስላቸውም።

ይህን በወረቀት የጻፍኩት በስልክ ስናወራ ጨዋታው ወደ ሌላ ስለሚሄድብን ነው። እርስዎም ጉዳይ በጽሑፍ ሲመጣልዎ መነጽርዎን አድርገው፣ ረጋ ብለው አንብበው ነው የሚወስኑት።

ጉዳዩ የቤቱ ኢንተርኔት ነው። በሐምሌ የተቋረጠ ጊዜ በዚያ ዝናብ በታክሲ አዲሱ ገበያ ድረስ ወርደው ጠጋኝ ይዘው መጡ። በዚያ ጉልበት በጭቃ መሄድዎን ስሰማ አንጀቴን በላኝ። ሰውየው የራውተሩን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ኢንተርኔቱ መጣ። ግን እኔ ያስተካከልኩት ሁሉ ጠፋ፤ ፓስዎርዱም ፋብሪካ ወደሰጠው ተመለሰ።

ያን ቀን እማዬ «ቴሌግራም ይሠራል፣ ሌላው ግን አይከፍትም» ብላኝ ነበር። እንዲህ ሲሆን መስመሩ ደኅና ነው ማለት ነው። የተበላሸው የድረ ገጾችን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሴቲንግ ነው። ከዚህ ሆኜ ወደ ራውተሩ መግባት ብችል ኖሮ በጥቂት ደቂቃ አስተካክለው ነበር። እርስዎም ከቤት አይወጡም ነበር።

እና የምጠይቅዎ ይህ ነው፦ ከሐዋሳ ሆኜ ወደ ቤታችሁ ራውተር የምገባበትን መንገድ ልዘርጋ? ቤቱ የእርስዎ ነው። ያለ ፈቃድዎ አልጀምረውም። እንዳይከብድዎ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ።

ሳሎን ሁለት ሳጥን አለ። ነጩ ከምሰሶው የሚመጣውን ፋይበር የሚቀበለው ሞደም ነው። አንቴና ያለው ጥቁሩ ደግሞ እኔ የገዛሁት ራውተር ነው። ስልኮቹም ቴሌቪዥኑም የተያያዙት ከጥቁሩ ጋር ነው።

አሁን መሥሪያ ቤትዎን ያስታውሱ። ስንት ክፍል፣ ስንት ሠራተኛ ቢኖር፣ የውጭ ሰው የሚያውቀው አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ነበር። አንዱ ክፍል ደብዳቤ ሲያወጣ እርስዎ መዝገብ ቤት ተቀምጠው ወጪ ቁጥር ይሰጡታል። መልሱ ሲመጣ «በቁጥር ይህን ያህል ለጻፋችሁልን» ስለሚል፣ መዝገቡን ገልጠው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ያውቃሉ። ቁጥር የማይጠቅስ፣ ለማን እንደተላከ የማይታወቅ ደብዳቤ ሲመጣስ? የሚመራበት ክፍል የለም። ራውተር ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ የእርስዎን ሥራ ነው። የእማዬ ስልክ አንድ ነገር ሲጠይቅ ቁጥር ሰጥቶ ያወጣዋል። መልሱ ሲመጣ ቁጥሩን አይቶ ለእማዬ ስልክ ያደርሳል። እኔ ከሐዋሳ ማንም ሳይጠራኝ ብመጣ ግን መዝገቡ ላይ የለሁም፤ አይቀበለኝም። አለመቀበሉም ትክክል ነው። ቤቱ ከማንም መንገደኛ የሚጠበቀው በዚሁ ነው።

እናንተ ቤት ግን መዝገብ ቤቱ ሁለት ነው። ለፋሲካ መጥቼ ሳለሁ ገብቼ አየሁት። ጥቁሩ ከውጭ ተቀበልኩ የሚለው አድራሻ 192.168.1.2 ነው። በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ለቤትና ለመሥሪያ ቤት ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ የዛሬው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከውጭ ሰው አያገኘውም። ይህን ቁጥር ለጥቁሩ የሰጠው ነጩ ነው። ብዙ ቤት እንዲህ ነው፦ ሞደሙ ራሱ የራውተርን ሥራ እየሠራ ይመጣል፣ ሰው ደግሞ ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ አልደርስ ሲለው ሌላ ራውተር ይጨምርበታል። ለመጠቀም ችግር የለውም። ጣጣው ከውጭ መግባት ሲፈለግ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞክረው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ነጩን «ብሪጅ» በሚባለው አሠራር ተራ ማስተላለፊያ ማድረግ ነው። ያኔ መዝገቡን ጥቁሩ ብቻ ይይዛል። ከኩባንያው ጋር በተጠቃሚ ስምና በፓስዎርድ የሚገናኘውም እሱ ይሆናል። ሁለተኛው ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚሉት ነው፤ በሁለቱም ሳጥኖች ላይ «በዚህ ቁጥር የመጣውን ወደ ውስጥ አሳልፍ» ብሎ ማዘዝ ነው።

እኔም ከሁለቱ አንዱን ላደርግ ነበር። ግን የነጩን የውጭ አድራሻ ሳየው በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው እ.ኤ.አ. በ2012 ለኢንተርኔት አቅራቢዎች ተብሎ የተመደበ ነው። ብዙ ደንበኛ ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ይቀመጥበታል። አሮጌው የኢንተርኔት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነ ለዓለሙ ሁሉ ስልክና ኮምፒውተር አልበቃም፤ ይህ አሠራር የመጣውም ከዚያ የተነሳ ነው። እንግዲህ ከእናንተ ሁለት መዝገብ ቤቶች በላይ ሦስተኛ አለ ማለት ነው። እሱ ደግሞ በእኛ እጅ አይደለም። ቤት ውስጥ የፈለግነውን ብንከፍት የሚመጣው ሰው እዚያ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው በከንቱ የሚለፋው። አድራሻውን ቀድሞ ማየት ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

ስለዚህ መንገዱን ገለበጥኩት። እኔ ወደ እናንተ አልመጣም፤ ጥቁሩ ራሱ ወደ እኔ ይጣራል። ወጪ ከሆነ ሦስቱም መዝገብ ቤቶች ቁጥር ሰጥተው ያሳልፉታል፣ መልሱንም ይቀበላሉ። የራሱ የውጭ አድራሻ ያለው አንድ አነስተኛ ሰርቨር፣ ማለትም ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር፣ ተከራይቻለሁ። ጥቁሩ ዋየርጋርድ በሚባል ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር ይገናኛል፤ የኔም ስልክ እንደዚሁ። እዚያ እንገናኛለን። በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ የተመሰጠረ ነው። ሰርቨሩ የሚያውቀው የጥቁሩንና የስልኬን ምስጢራዊ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ከነሱ ውጭ ሌላ ሰው አይገባም። ዝምታው ከረዘመ መዝገቡ ስለሚረሳን ጥቁሩ በየ25 ሰከንዱ አንዲት ባዶ መልእክት ይልካል።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን ሌላ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የውጭ አድራሻው ቢቀየርም ግድ የለውም። ጥቁሩ ሲነሳ ራሱ ይጣራል፣ ያገኘኛል። መብራት እንደ ሱሉልታ በሚመላለስበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የማላደርገው ነገር አለ። የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ለኢንተርኔት አልከፍትም። «ሪሞት ማኔጅመንት» የምትባል ምርጫ አለች፤ እሷን መክፈት በጣም ቀላል ነው፣ ለዚህም ነው የሚከፍታት የሚበዛው። በዚያ ላይ ፓስዎርዱ የፋብሪካው ከሆነ ቤቱን ለማንም ሰጥቶ እንደ መውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ አደገኛ ፕሮግራም የፋብሪካ ፓስዎርዶችን በዝርዝር ይዞ እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጠረ። በነሱም አድርጎ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አደረገ። የሰዎች የሳሎን ዕቃ ነው ይህን የሠራው። ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ የጥቁሩን ፓስዎርድ መቀየር የሚሆነው ለዚህ ነው። አዲሱን ጽፌ እሰጥዎታለሁ፤ የቤቱ ካርታ ካለበት ቦርሳ ያስቀምጡልኝ። ከኔ በፊት እጅዎ ላይ መኖር ያለበት እሱ ነው።

እማዬ «ታዲያ ሁሉን ነገር ልታዪን ነው?» ብላኛለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። የትኛው ስልክ እንደተያያዘ፣ የትኛው ብዙ ዳታ እንደሚበላ አያለሁ። ስልኮቹ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጠየቁ ስሙን መመዝገብም ይቻላል፤ ያንን እዘጋዋለሁ። የምትጻጻፉትንና የምታወሩትን ግን አላይም፤ ተመስጥሮ ነው የሚያልፈው። ደግሞም ከመግባቴ በፊት ሁልጊዜ እደውልልዎታለሁ። የአባቴ ነው ብዬ ቤቶች ሳልል አልገባም። ቅር ያለዎት ቀን ይንገሩኝና የኔን ቁልፍ ከጥቁሩ ላይ አጠፋዋለሁ፤ ኢንተርኔቱ አይቋረጥባችሁም።

ይህ ሁሉንም ችግር ይፈታል አልልዎትም። ፋይበሩ ከተቆረጠ እኔም መግባት አልችልም፤ የምመጣበት መስመር ያው እሱ ነው። ነጩ ላይ ቀይ መብራት ካዩ በቀጥታ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 መደወል ነው። ጥቁሩን አይነካኩ።

እስክመጣ ድረስ ጥቂት ነገር ላስቸግርዎ። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓድ ሳይጀምር የሁለቱንም ሶኬት ያስነቅሉ። ፋይበሩ መብረቅ አያስተላልፍም፤ የኤሌክትሪኩ መስመር ግን ያስተላልፋል። ሲሰኩ መጀመሪያ ነጩን፤ መብራቶቹ ሲረጉ ጥቁሩን። ከነጩ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት እማዬ ፎቶ አንስታ ለእኔ ብቻ ትላክልኝ። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፈው፤ ፓስዎርድ ተጽፎበታል። እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ማንም መርፌ እንዳያስገባ አደራዎን።

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እደርሳለሁ። ለሁለቱ ሳጥኖች የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ ይዤ እመጣለሁ፤ 12 ቮልት የሚሰጥ ነው፣ መብራት ሲጠፋ እነሱን ያቆይልናል። የጥቁሩን የውስጥ ቁጥርም እቀይረዋለሁ። ከተነካካ ወዲህ ከኔ ቤት ራውተር ቁጥር ጋር አንድ ሆኗል። ሁለቱ ቤቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ ስልኬ ሐዋሳ ይሁን ሱሉልታ መለየት ያቅታታል። ሥራው በአንድ ከሰዓት ያልቃል። እርስዎም አጠገቤ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል፤ የማደርገውን እያሳየሁዎት እሠራለሁ።

መልስዎን በእማዬ ስልክ በድምፅ ይላኩልኝ። አይሆንም ካሉም ቅር አይለኝም። ያኔ ፓስዎርዱን ብቻ ቀይሬ፣ ዩፒኤሱን ገጥሜ ሌላውን እንዳለ እተወዋለሁ። እሺ ካሉኝ ግን ሰርቨሩን ከወዲሁ አዘጋጅቼ እመጣለሁ።

እማዬን ይሳሙልኝ። የጉልበትዎን መድኃኒት እንዳያቋርጡ።

ልጅዎ፣
ከሐዋሳ