ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ፦

በትናንሽ ከተሞች ዙሪያ፣ በደን በተሸፈኑ ኮረብቶች መካከል የሚያልፉ የእግር መንገዶችን ስታስተዋውቁ ከርቀቱ ጋር የዳገቱንም ልክ እባካችሁ ጻፉልን። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ሲባል የሁለት ሰዓት መንገድ ይመስላል፤ 450 ሜትር ዳገት ካለበት ግን 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። እረፍቱና ጭቃው ገና አልተቆጠሩም፤ ልጆች ካሉማ ከዚህም ይረዝማል። ዛፍ ሥር ደግሞ ከሜዳው ቀድሞ ይጨልማል።

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው መንታ መንገድ ላይ ነው። የእንጨት ማውጫና የከብት መሄጃ ከዋናው መንገድ ሰፍቶ ሊታይ ይችላል። የመንገዱ ምልክት ከጠፋ የመጨረሻው ወደታየበት ቦታ መመለስ ይሻላል። የከተማው ጣሪያ በዛፎቹ መካከል ስለታየ ብቻ ቁልቁል አቋርጦ መውረድ አደገኛ ነው፤ በመካከል ያለውን ገደል ቅጠሉ ይሸፍነዋል።

ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት የጫማ ማሰሪያን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ የጣት ጥፍር ይጎዳል። ልጡ የተላጠ እርጥብ ሥር እጅግ ስለሚያዳልጥ መሻገር እንጂ መርገጥ አይገባም።

መንገዱ መቼ ታይቶ እንደተጻፈም ቀኑን ጨምሩበት፤ አንድ የወደቀ ግንድ ወይም የሞላ ወንዝ መግለጫውን ከንቱ ያደርገዋልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ