ለደንበኞቻችን፦ ፋን ለምን ግዴታ እንዳደረግን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን ሰምተናል። ግራፊክስ ካርድ (ጌምና ቪዲዮ የሚያስኬደው ክፍል) ያለው ኮምፒውተር ያለ ሦስት ተጨማሪ ፋን አንገጥምም፣ ፋኑን አልፈልግም ላለም የካርድ ዋስትና አንሰጥም ማለታችን «ዕቃ በግድ ሊሸጡልን ነው» አሰኝቶብናል። አንዱማ ፊት ለፊቴ «ጎንደር ላይ ፋን? ለደጋ ሰው?» ብሎ ሳቀብኝ። ላስቀየምናችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ እስቲ ምክንያቱን ስሙኝ።

ካርዱ የሚበላው መብራት ዞሮ ዞሮ ሙቀት ነው የሚሆነው። ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ካርድ ሥራ ሲበዛበት እስከ 170 ዋት ይወስዳል። የካርዱ የራሱ ፋኖች ሙቀቱን ከካርዱ ላይ ያነሱታል እንጂ ከኬዙ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ሳጥን፣ አያወጡትም። ጭስ ማውጫ በሌለው ማድቤት እንደማራገብ ነው። ብዙ ካርዶች 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ጌሙ የሚቆራረጠው፣ ሬንደሩ (የተቀናበረውን ቪዲዮ ማውጣቱ) የሚጎተተው ያኔ ነው። እናንተ ደግሞ «ያገለገለ ካርድ ሸጡልን» ትላላችሁ። እኔን የምታመኝ ይህቺ ናት።

ደጋ መሆናችን ይረዳል፣ አልክድም። ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም እዚህ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የፋኑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎንደር ላይ የተለካ አይደለም።

ካላመናችሁን የኬዙን የጎን ክዳን ከፍታችሁ ያንኑ ጌም ተጫወቱ። የካርዱ ሙቀት ብዙ ዲግሪ ከወረደ ችግሩ የኬዙ ነው። (ክፍቱን አትተዉት ታዲያ፤ የበጋውን አቧራ የምጠርገው እኔ ነኝ።)

በቅርቡ አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ደንበኛችን ማሽኑን ተሸክሞ መጣ። ፊቱ ሙሉ መስታወት፣ መብራቱ ዓይን የሚስብ ኬዝ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ሦስት ፋን ይዞራሉ፤ አየር የሚስቡበት ግን በጎን ካለች ቀጭን ክፍተት በቀር የለም። የኋላው ፋን ደግሞ ተገልብጦ ታስሮ ወደ ውስጥ ይነፍሳል። የፋን ነፋስ የሚወጣው ሞተሩን የያዘው መስቀለኛ ድጋፍ ባለበት በኩል መሆኑን የገጠመለት ሰው አላየም። ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ቀየርንለት፤ ከፊት ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር የሚያስገቡ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ አሰርንለት። ካርዱን አልነካነውም። ሬንደሩ አሁን ሳይጎተት ያልቃል፣ ጩኸቱም ቀንሷል።

ለፋኑ 4,500 ብር መጨመር ቀላል እንዳልሆነ አናጣውም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዕቃ ባመጣን ቁጥር ዋጋው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ መንገድ ሲዘጋም መንገድ ላይ ሰንብቶ ነው የሚደርሰን። ከፋኑ የምናገኘው የሻይ ቢሆን ነው። ትርፉን ብቻ ብናይማ ካርዳችሁ እስኪበላሽ ዝም ብለን ሌላ መሸጥ ነበር የሚያዋጣን።

ፒያሳ በአንዲት ጠረጴዛ፣ ፍላሽ ላይ ዘፈን እየጫንን ስንጀምር የመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሱቁ ተዘግቶ በከረመበት በጭንቁ ጊዜም «አላችሁ ወይ?» እያላችሁ ደውላችኋል። መመረቂያ ጽሑፋቸውን እኛ ዘንድ ያተሙ የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ተማሪዎች ዛሬ ለቢሯቸው ማሽን ያዙናል። ይህን ያህል ተዋውቀን በሦስት ፋን መጠርጠር ይከብዳል።

የያዛችሁት ኬዝ ፊቱ ወንፊት ከሆነና በቂ ፋን ካለው ምንም አትጨምሩም፤ አይተን እንገጥማለን። የፋኑን ሂሳብ በሁለት ጊዜ መክፈል ለሚሻም እንስማማለን። ከዚህ በፊት ከእኛ የገዛችሁ ማሽናችሁን አምጡት፤ አቧራውን እናራግፋለን፣ የፋኖቹን አቅጣጫ እናያለን፣ በነጻ ነው። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛብን በአዘቦት ቀን ብትመጡ ሳትጉላሉ እናስተናግዳችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት
ፒያሳ፣ ጎንደር