ለአባዬ፦ ስለ መርሴዲሷና ስለ ሱሉልታ ጠዋት

ቃሊቲ፣ ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነን።

መርሴዲሷ ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለች እንደምታስቸግርዎ ሰማሁ። ወንድሜም ከኤድመንተን በስልክ የብርድ ምክሩን ሁሉ ዘርዝሮልዎታል። የተናገረው እውነት ነው፤ ግን የተናገረው ስለ ካናዳ ጥር ነው። እዚያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ መኪና ማታ እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ሞተሩ ውስጥ የተቀበረ ማሞቂያ ውኃውን ለብ አድርጎ ያሳድረዋል። ናፍጣውም ለክረምት ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ አለዚያ ሰሙ ተለይቶ እንደ ረጋ ቅቤ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ሱሉልታ ሣሩ ላይ ውርጭ ያነጥፋል እንጂ እዚያ አይደርስም። ማሞቂያ ልላክ ካለዎ ገንዘቡን፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ውስጡን ለሚያግለው ካንዴላ ያውለው።

እርስዎን የሚያስቸግርዎ ከብርዱ ይልቅ ከፍታው ነው። ከ2,600 ሜትር በላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፤ አየሩን ጨምቆ በማጋል ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱ ያንሳል፣ ቀዝቃዛው ብረት ደግሞ ያቺኑ የተገኘችውን ሙቀት ይቀማዋል። ስለዚህ ቆላ ላይ ምንም የማይመስል ትንሽ ድካም እዚያ ጠዋት ላይ ይጋለጣል።

መጀመሪያ የሚታየው የማሞቂያ ካንዴላው ነው። የእርስዎ 240 ዲ የ1978 እ.ኤ.አ. ሥሪት ስለሆነች አራቱ ካንዴላዎች እንደ መቁጠሪያ በአንድ መስመር የተሰካኩ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ አንዱን ሳያልፍ ሌላው ጋ አይደርስም። አንዱ ተቃጠለ ማለት አራቱም ሞቱ ማለት ነው። ማሞቂያውን ሲያበሩ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መብራት ጨርሳ ካልበራች ይህን ይጠርጥሩ። መካኒኩ ሽቦዎቹን ፈትቶ እያንዳንዱን ለየብቻ በቴስተር ይለካ፤ ጤነኛው ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያሳያል፣ የተቃጠለው ምንም አያነብም። አደራዎን፣ «የሞተውን በሽቦ ዘለን እናስነሳልዎ» ካሉ እሺ አይበሉ። የአራቱ ድርሻ ለሦስቱ ሲከፋፈል እነሱም ተራ በተራ ይቃጠላሉ። አራቱም አብረው ይቀየሩ፣ ሲወጡም ቀዳዳው ውስጥ የተጋገረው ጥላሸት ይጠረግ፤ የካንዴላው ጫፍ ጥላሸት ከነካ ኤሌክትሪኩ መሐል ላይ ወደ ሞተሩ ብረት ያመልጣል።

ውርጭ ባደረበት ጠዋት ማሞቂያውን እስከ አንድ ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ ነዳጁን ረገጥ አድርገው ያስነሱ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ከ20 ሰከንድ በላይ አያዙሩት፤ እንቢ ካለ አንድ ደቂቃ አሳርፈው እንደገና ያሙቁ። የሚረጭ የማስነሻ ጋዝ ቤትዎ አይግባ። የጋለ ካንዴላ ላይ ሲደርስ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ይሰብራል።

እንቢ ስትል ጭስ ማውጫውን አንድ ሰው ይይልዎ፤ ከማንም መካኒክ ይልቅ ጭሱ ይናገራል። ሞተሪኖው ሲዞር ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም፦ ካንዴላው ነው፣ ወይም ግፊቱ ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ጭራሽ አልደረሰም፤ ያኔ ፊልትሮውንና አየር የገባበትን መስመር ነው መፈለግ። ፊልትሮ በተቀየረ ቁጥር ፖምፓው ላይ ያለችውን የእጅ መግፊያ ፈትተው መስመሩ እስኪጠነክር ይምቱ፣ መልሰውም ያጥብቋት፤ ላልታ ከቀረች እሷው አየር ታስገባለች። ክረምት ላይ ደግሞ ታንኩ ከግማሽ በታች ሆኖ አይደር። ባዶው ክፍል ውስጥ ያለው እርጥበት ሌሊት ወደ ውኃ ይለወጥና ከሥር ይጠራቀማል።

ካንዴላው ደኅና ሆኖ ነጩ ጭስ ካልቀረ አየር የሚያስገባውንና ጭስ የሚያስወጣውን ቫልቭ ያስመዝኑ። በዚህ ሞተር የቫልቩ ክፍተት በሠራ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፣ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ግፊትም ያመልጣል፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ስለማያሰማ ማንም አያስታውሰውም። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ የማስገቢያው ክፍተት 0.10፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት 14 ቁልፍና ስፕሪንጉን የሚይዝ ሦስተኛ መፍቻ ይፈልጋል፤ በአንድ ቁልፍ የሚታገል መካኒክ ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ወንድሜ በ0.05 ይስፋ ያለው ቅዝቃዜው ሁልጊዜ ከዜሮ በታች 20 ለሚውልበት አገር ነው፣ ይተዉት። በየ20 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይበቃል።

ዘይቱን በሚመለከት ጋራዡ ሁልጊዜ የሚሞላልዎ 20-50 ለጠዋቱ ይወፍራል፣ ሞተሪኖውም እንደ ጭቃ ይከብደዋል። 15-40 የናፍጣ ዘይት ያድርጉ፤ 6.5 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ግን የዘይት መለኪያ ዘንጉን እያዩ ይሙሉ። ባትሪው አድሮ 12.6 ቮልት ካነበበ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ምሰሶዎቹን አጽድተው እንደገና ይለኩ፣ ካልተሻለው ዕድሜው አልቋል።

ራዲያተር ውስጥ ከእንግዲህ የቧንቧ ውኃ አይጨምሩ። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ደግሞ 80 ላይ ነው የሚከፈተው፤ ልዩነቱን በዋናነት የሚያሰፋልዎ የክዳኑ ግፊት ነው። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን አሥር ጊዜ ውኃ ከመጨመር ይልቅ ይቀየር። 5 ሊትር ኩላንት ከ5 ሊትር የተጣራ ውኃ ጋር ይበቃታል፤ ለውርጩም ለዝገቱም ይሆናል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርዎ፤ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን የሚያግዝዎ ቫኪዩም (አየር ተስቦ የወጣለት ባዶ ቦታ) በውጭው አየር ግፊት ነው የሚሠራው፣ አየሩ ሲሳሳ እገዛውም ይቀንሳል። ስለዚህ ከላይ ሳሉ ማርሽ ይቀንሱ፣ ሞተሩ ይያዛት፣ ፍሬኑን ደግሞ ለአፍታ ጠበቅ አድርገው ይልቀቁ እንጂ እግርዎን ጭነውበት አይውረዱ። የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ይለወጥ፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሄዳል። ሞተሩንም የሚያጠፋው ይኸው ቫኪዩም ነው። አንድ ቀን ቁልፉን አውጥተው ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ አይደንግጡ፤ ኮፈኑን ከፍተው «ስቶፕ» የተጻፈበትን ማንሻ ይግፉት፣ ይጠፋል። ከዚያ የቫኪዩሙ የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ እንደሆነ ያስፈትሹ፣ ምክንያቱም ፍሬኑም ከዚያው ነው የሚጠጣው።

ከወንድሜ ምክር አንዱን ግን ይውሰዱ፦ አሸዋውን። የምትገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ሲያንሸራትት 40 ኪሎ አሸዋ በሁለት ጆንያ ከኋለኛው ወንበር ጀርባ ተጠግቶ ይታሰር። ጫፍ ላይ ከተቀመጠ የፊቱን ያቀለዋል፣ ካልታሰረም ፍሬን ሲይዙ ይንሸራተታል። እነሱን የሚበላቸው መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው፤ እኛን ጭቃው ነው። የፊት ፓራፋንጎ ውስጥ ከመብራቱ ጀርባ፣ ክሪክ የሚገባበት ቦታና የስኮርታው ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ተለጥፎ ሳይደርቅ ይከርማል፣ ከሥሩም ብረቱ ያልቃል። በሳምንት አንዴ በውኃ ያስመቱት፣ በሮቹ ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ በስንጥር ይክፈቷቸው።

ካንዴላዎቹን አራቱንም፣ ሁለት ፊልትሮና አንድ የራዲያተር ክዳን ለታናሽዬ ሰጥቼዋለሁ፤ እሑድ ይዞልዎ ይመጣል። መካኒኩን ለሰኞ ጠዋት ይቅጠሩት፣ ቫልቩ የሚለካው ቀዝቅዛ ስለሆነ እሑድ ማታ አይንዷት።

ልጅዎ