ዶማ ከማንሳትህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ ለጌቾ፣

እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዲህ ብዬ መጀመሬ ራሴንም አሳፈረኝ። አባባ ሲያርፉ መደወል አቃተኝ። ዛሬ ነገ ስል አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ? ብዘገይም እግዚአብሔር ያጽናህ።

አሁን የምጽፍልህ ግን በአባባ የድንጋይ ቤት ጉዳይ ነው። እህትህ በቴሌግራም ፎቶውን ላከችልኝ። አፍርሰህ በብሎኬት ልትሠራ ነው አሉ። እንግዲህ አንተም እንደ አባባ ግንበኛ ነህና ሰሞኑን ያየሁትን ስማኝ።

እዚህ ዌልስ፣ ከካርዲፍ ወጣ ብሎ ሴንት ፋጋንስ የሚባል ሙዚየም አለ። መግቢያው ነጻ ነው፤ የሄድኩትም ለዚሁ ነው፣ ምን ልዋሽህ። ከየገጠሩ የቆዩ ቤቶችን ድንጋይ በድንጋይ ፈተው እያመጡ መልሰው ገንብተዋቸዋል። ከነሱ አንዱ ኪሌዌንት የሚሉት የገበሬ ቤት ነው። የመጣው ከመሃል ዌልስ፣ ከራያደር አካባቢ ነው። በፈረንጆቹ 1470 ሲሠራ የእንጨት ቤት ነበር። ግድግዳው በድንጋይ የተተካው በ1734 ነው።

ቤቱ ረጅም ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሰው ወዲህ፣ ከብትና ፈረስ ወዲያ። መንዝ በጎቹ ከመደቡ ሥር ሲያድሩ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ ያለውን ቤት የሚሠሩት ተዳፋት ላይ ነው፣ ጋጣው በቁልቁለቱ በኩል። ለምን እንደሆነ ላንተ አይነገርም፤ የከብቱ ሽንት ወደ ሰው እንዳይመጣ ነው። በብርድ ጊዜም ገበሬው ውጪ ሳይወጣ ላሞቹን ያያል።

ማዕዘኑ ጋ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ረጃጅሞቹ ድንጋዮች አንዱ ወደዚህ፣ ቀጣዩ ወደዚያ እየተጋደሙ ይወጣሉ። አባባ ድንጋይ በእጃቸው እያገላበጡ "ይቺ ትነክሳለች" ይሉ አልነበር? እነዚያም ነክሰዋል። እጄን ሰደድ አድርጌ ስነካው ጥበቃው አየኝ፤ ዝም አለኝ።

እዚያው ግቢ ጋወር ከሚባል አገር የመጣ የ1610 ቤትም አለ፣ ግድግዳው ደማቅ ቀይ። ቀዩ ክፉ መንፈስ ይከለክላል ብለው ነው አሉ። አያቴ ቢያዩት ለቡዳ መድኃኒት አገኙ ይሉ ነበር።

ዋናው ነገር አፈራረሳቸው ነው። መጀመሪያ ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ድንጋዩና እንጨቱ ላይ ቁጥር ይጽፉበታል። ሌላ ቦታ ሲተክሉት ያው ድንጋይ ያው ቦታው ይመለሳል።

በብሎኬት አትሥራ አልልህም። ልጆች አሉህ፣ ክረምቱን አውቀዋለሁ፣ እኔ እዚህ ሞቆኝ ተኝቼ አንተን በጭስ ኑር አልልም። ግን በሩ ያለበትን ግድግዳ፣ መቃኑን ከነማዕዘኑ፣ እባክህ በቁጥር ፍታው። አዲሱ ቤት ፊት ላይ መልሰው። የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ ለኔ ተው። ይሄን እንኳ ልክፈል።

ከበሩ በስተግራ፣ ቢላ የምንስልባት ጥቁር ድንጋይ አለች። መሃሏ ጎድጉዷል። ቁጥር 1 እሷ ላይ ጻፍልኝና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

ያንተው፣
ዳኜ