ብርዳችን ለአበባም ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሰርግ ዲኮር ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ምነው ከጽጌረዳና ከፕላስቲክ አበባ ሌላ የለም እንዴ? እኔ ደብረ ብርሃን ዲኮር ነው የምሰራው፣ ለጥር ሰርግ ቱሊፕና ሃያሲንት እዚሁ ቤታችን ማድረስ ይቻላል ስል ሰው ይስቅብኛል።

እነዚህ አበቦች እንደ ሽንኩርት ኮረት ያላቸው ናቸው፣ ብርድ ካልጠገቡ አያምርባቸውም፣ ቢያብቡ እንኳን አንገታቸው አጥሮ ቅጠላቸው ውስጥ እንደተወሸቁ ይቀራሉ። ስለዚህ የብርድ ወቅት አለፈ ብለን እናታልላቸዋለን፣ ኮረቱን አፈር በያዘ ዕቃ ውስጥ ተክሎ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ2 እስከ 9 ዲግሪ ላይ ማቆየት፣ ከዛ ብርሃን ወዳለበት ክፍል ማውጣት፣ በ3 ሳምንት ገደማ ያብባል። መስከረም አጋማሽ ላይ ያስገባ ሰው ከጥምቀት በኋላ ላለ ሰርግ ይደርስለታል።

ብርድ መቼም አልተቸገርንም፣ ደብረ ብርሃን ሲባል ብርድ ልብስ አይደል የሚታወሰው፣ ግን ቀን ቀን ፀሐዩ ስለሚከር የህዳር ውርጭን ብቻ አላምነውም፣ ፍሪጅ ይሻላል። ፍሪጁ ውስጥ ታዲያ ሙዝና አፕል አብሮ እንዳይገባ! ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ እምቡጡን ውስጥ እንዳለ ይገድለዋል፣ ቅጠል ታቅፎ መቅረት ነው።

ጠረጴዛ ላይ እኔ የምወደው ሃያሲንቱን ከነኮረቱ ነው፣ አፈሩን አጥቦ ብርጭቆ ውስጥ ጠጠር ላይ ማስቀመጥ፣ ነጫጭ ስሩ በጠጠሩ መሀል ሲወርድ ይታያል፣ ውሃው ግን ስሩን እንጂ ኮረቱን እንዳይነካ (ጓንት አድርጉ፣ ያሳክካል)። ቱሊፕ ተቆርጦም ማደጉን አይተውም፣ ማታ ቀጥ አድርጋችሁ ያቆማችሁትን ጠዋት ወደ መስኮቱ ተጣሞ ታገኙታላችሁ፣ ለዚህ ነው አጠር አድርጌ የምቆርጠው። ናርሲስ የሚባለው አበባ ደግሞ ሲቆረጥ የሚያዝረበርበው ፈሳሽ ቱሊፑን ያጠወልገዋል፣ መጀመሪያ ለብቻው ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ስትቀላቅሉት ግንዱን ድጋሚ አትቁረጡት።

ርካሽ ነው አልልም፣ ኮረቱ በብዛት የሚመጣው ከሆላንድ ነው፣ እንዲህ ተገዶ ያበበ ቱሊፕ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ብዙም ተስፋ የለውም። አቅም የሌለው አማሪሊስ በሚባለው ባለ ኮረት አበባ ይጀምር፣ እሱ ብርድም አይጠይቅ፣ ከያዙት ከዓመት ዓመት ያብባል።

ዩኒቨርሲቲያችን የግብርና ኮሌጅ አለው አይደል፣ የውጪው ብርድ ብቻ ያለ ፍሪጅ ይበቃ እንደሆነ ጥላ ስር ሞክረው ቢነግሩን እኛ ዲኮር ሰሪዎች የመብራት ወጪ ይቀልልን ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን