ፖሊ የተማርሽው ለዚህ ቀን ነበር

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል?

ዝምታዬ መርዘሙን አውቃለሁ። ምክንያት ብደረድርልሽ አትቀበይኝም። ይቅርታ አድርጊልኝና እንለፈው። ስንገናኝ እንደ ልማድሽ ትገላምጪኛለሽ፣ ከዚያ ቡና እናፈላለን። ደግሞ አንቺም ብትሆኚ ስልክ አላነሳሽም፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆይቼልሻለሁ።

የቤቱ ወሬ አጭር ነው። ሁላችንም ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ጊዮርጊስ መሳለሟን ግን አልተወችም። ትልቁ ልጄ ቁመቱ በልጦኛል። አንቺ ሳህኑን ጠርገሽ የምትነሺበት የሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ተዘግቷል፤ አይዞሽ፣ ሌላ አግኝቼልሻለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

መኪና ገዝቻለሁ። ከሌላ ሰው ሰምተሽ ከሆነ ቅር እንዳይልሽ። ማስተማሩን ትቼ የተማሪ ሰርቪስ ጀምሬያለሁ። ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረ። እኔም ከእቁብ የወጣልኝን ከባንክ ብድር ጋር አጋጥሜ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ገዛሁ። የሠራትን ፋብሪካ ስም እዚህ አልጽፍም፤ ፎቶዋን ስታዪ ታውቂያታለሽ።

እንዴት እንደምወዳት ልነግርሽ አልችልም። ሞተሯ አይሰማም። ልጆቹ ከኋላ ሲዘምሩ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይደርሰኛል። ማታ ግቢ ውስጥ ሰክቻት እተኛለሁ፤ መብራት ካልጠፋ ጠዋት ሞልታ ትጠብቀኛለች። ስገዛት የሸጠልኝ ሰው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «የዚችን መኪና የፍሬን ሸራ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር እስክትሞላ አታስቢው።» አባባሉ ባዶ አይደለም፤ ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እግሬን ከነዳጁ፣ ማለቴ ከመርገጫው ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናዋን ይይዛታል፣ ያገኘውንም ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሸራው የሚደክመው ለመጨረሻዋ መቆሚያና ለድንገተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ከነዳጅ መኪና ሸራ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት።

የእኔዋ ግን ሃያ ሺህ ሳትሞላ የኋላ ሸራዋ አለቀ። አለቀ ስልሽ ብረት ከብረት እስኪፋጭ።

መጀመሪያ የተለወጠው ቻርጁ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያለ ሐሳብ የሚያሠራኝ ባትሪ ከሰዓት በኋላ ላይ መሳሳት ጀመረ። ከዚያ ድምፁ መጣ። አባይ ማዶ ያሉትን ልጆች ላደርስ አዲሱን ድልድይ ስሻገር ከኋላ በቀኝ በኩል ቀጭን ሲጥ የሚል ነገር እሰማለሁ። ፍሬን ስይዝ ይጠፋል፣ ስለቅ ይመለሳል። ያ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ድምፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብሮኝ ሲሄድ ማለቂያ የሌለው ነው የመሰለኝ። ከልጆቹ አንዷ «ቲቸር፣ መኪናዋ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» አለችኝ። ልቤ ቀጥ አለ።

የዚያኑ ቀን ልጆቹን አድርሼ ጋራዥ ወሰድኳት። ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ያንቺ ሙያ ነው።

መካኒኩ በክሪክ አንስቶ የኋላ ቀኙን ጎማ ፈታ። የውስጠኛው ሸራ የለም፤ የቀረው ብረቱ ነው፣ ዲስኩንም ቦይ ቦይ አድርጎ በልቶታል። የውጪኛው ሸራ ግን ከግማሽ በላይ አለ። አንድ ጎማ፣ አንድ ዲስክ፣ አንዱ ሸራ ሞቶ ሌላው ገና ጎበዝ ነው። ግራውን ፈታ፣ እንደዚያው ነው፤ ትንሽ ይሻላል። የፊቶቹን ስናያቸው አዲስ ናቸው ማለት ይቻላል። አዲስ ሸራ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ 3 ሲደርስ ይቀየራል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚጫን በአብዛኛው ቀድሞ የሚያልቀው የፊቱ ነው ያልሽኝም አንቺ ነሽ። የእኔዋ ከኋላ፣ ያውም ከውስጥ ጀመረች።

ከዚያ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫናቸውን ካሊፐር በእጁ ሊያንሸራትተው ሞከረ። ንቅንቅ አላለም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች በመዶሻ እየመታ አወጣቸው። ደርቀዋል። ዝገዋል። ግሪስ የሚባል ነገር ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው ያለው። ፒኑ ሲይዝ ካሊፐሩ ወደ ቦታው አይመለስም፤ በፒስተኑ በኩል ያለው የውስጥ ሸራ ዲስኩን እንደነካ ይቀራል። እግሯን አስሮ አህያን ሂጂ እንደማለት ነው። ቻርጁንም የበላው ይኸው ነው።

እዚህ ድረስ አልተናደድኩም። ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። የተናደድኩት ስደውል ነው።

ሻጩ መጀመሪያ ያለኝ «ሸራ አላቂ ዕቃ ነው፣ ዋስትናው አይሸፍነውም» ነው። ሸራ አላቂ መሆኑን አልክድም። ጎማም የዝናብ መጥረጊያም አላቂ ናቸው። ፒኑ ግን አላቂ አይደለም! ሸራውን የጨረሰው ያልተንቀሳቀሰው ፒን ነው። ይህን ስነግረው «የእናንተ አገር ቁልቁለት ይበዛዋል» አለኝ። ባሕር ዳርን! ሰው ከልጅነቱ እስከ ሽምግልናው በብስክሌት የሚመላለስበትን ከተማ! ከቤዛዊት ኮረብታ በቀር የምንወርደው ምን ቁልቁለት አለን? ምናልባት የአባይን በረሃ አስቦ ይሆናል፣ አንቺ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ዓይንሽን ጨፍነሽ ውዳሴ ማርያም የምትደግሚበትን። መኪናዬ ግን በረሃውን በጎማዋ አልረገጠችውም። ከአዲስ አበባ የመጣችው ተጭና ነው። ይህንንም ያውቃል፤ የጫነልኝ እሱ ራሱ ነው።

በመጨረሻ ምን አለ መሰለሽ? «ሴቶች እግራችሁን ፍሬን ላይ ታሳርፋላችሁ።»

ስልኩን ዘጋሁበት። ዘግቼ አለቀስኩ። ባሌ ይህን አያውቅም፣ እናቴም አታውቅም። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። ያስለቀሰኝ ስድቡ ብቻ አይደለም። መኪናዋን ሳያይ፣ ሸራውን ሳይለካ፣ አንድ ፎቶ እንኳ ላኪልኝ ሳይል ፍርዱን ጨርሶ መቀመጡ ነው።

እግሬን ፍሬን ላይ አሳርፌ ቢሆን ኖሮ የፊቱም ያልቅ ነበር፣ የውጪኛውም ያልቅ ነበር። አይደለም እንዴ? ተሳስቼ ከሆነ ንገሪኝ፤ ግን የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ምክንያቱም ሌሎቹን አገኘኋቸው። በዚህ ከተማ የእኔው ዓይነት መኪና ያላቸውን እየጠየቅሁ ሦስት ሰዎች ዘንድ ደረስኩ። አንዱ የሆቴል እንግዶችን ከአየር ማረፊያ ያመላልሳል። አንዱ ጎንደር ድረስ ያን 180 ኪሎ ሜትር በረጅሙ ይነዳዋል። ሦስተኛው በጢስ አባይ መንገድ ሠራተኞች ያደርሳል። ሦስቱም ወንዶች ናቸው። መንገዳቸው አይገናኝም፣ አነዳዳቸው አይመሳሰልም። የሦስቱም መኪና የኋላ የውስጥ ሸራ ነው ያለቀው። የጎንደሩ ሰውዬ ጎማው ግሎ እጁን እንዳቃጠለው ነገረኝ፤ እኔ እስካገኘው ድረስ ጥፋቱን በራሱ አነዳድ ነበር የሚያላክከው። አየሽ፣ እያንዳንዳችንን ለብቻችን ሲያናግሩን ጥፋቱ የእያንዳንዳችን ይሆናል።

ለነሱም ፍትሐዊ ልሁን። እዚህ አቧራ አለ፣ ክረምቱ የውስጥ ለውስጡን መንገድ ጭቃ ያደርገዋል። ባጃጁ ፊትሽ ላይ ድንገት ይቆማል። መካኒኩ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬኑን ብዙ ስለማይጠቀምበት ዲስኩም ፒኑም በቀላሉ ይዝጋል፣ ስለዚህ በየጊዜው ተፈትቶ መጠረግና መቀባት አለበት። ጥሩ፣ ገባኝ። ታዲያ ይህን ማን ነገረኝ? የአገልግሎት መጽሐፉን ገጽ በገጽ አገላብጬዋለሁ፤ ስለ ፒን አንድ መስመር የለውም። የሸጠልኝ ሰው ያለኝ «አታስቢው» ነው። ግሪሱን ያሳነሰው ፋብሪካው ይሁን ወይም ውሃ የሚያስገባው የፒኑ ጎሚኒ፣ የላስቲክ ሽፋኑ፣ ይሁን፣ ከሁለቱ አንዱም የእኔ እግር አይደለም።

አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። የነሱ ጋራዥ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው። «አምጫት» ይሉኛል። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ በዚያ ላይ ቻርጅ የት አድርጌ? ደግሞም በዚህ ፍሬን አባይ በረሃ አልወርድም። እዚሁ ላሠራት ስል «ከኛ ውጪ ከተነካች ዋስትናው ይነሳል» ይላሉ። ሸራው ባሕር ዳር አይገኝም። አንድ ሰው አሮጌው ብረት ላይ ሌላ ሸራ አስለጥፌ ልስጥሽ አለኝ፣ በርካሽ። እምቢ አልኩ። የምጭነው የሰው ልጅ ነው። ለወላጆቹ እውነቱን ተናግሬ ሰርቪሱን አቁሜያለሁ። አንዳንዶቹ አመሰገኑኝ፣ አንዳንዶቹ ሌላ መኪና ያዙ። ባንኩ ግን አያቆምም፤ ወር በደረሰ ቁጥር ይቆርጣል። ሌሊት እነቃና ሒሳብ እሠራለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እህቴ።

የአክስቴ ልጅ ጠበቃ መሆኑን ታስታውሻለሽ፣ ያ በሰርግሽ ቀን ሲጨፍር ጫማው የወለቀው። እሱ ነው ያበረታኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው ይላል አለኝ። ጉድለቱን ያየ ገዢ ደግሞ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም የመካስ መብት ይሰጠዋል። መኪናዋን ለሥራ ስለገዛሻት ሸማች አይደለሽም ሊሉሽ ይችላሉ፣ ስለዚህ ፍትሐ ብሔሩን አጥብቀሽ ያዢ ብሎኛል።

አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 የተሠሩ የሆንዳ አኮርድ መኪኖች የኋላ ሸራቸው ያለ ጊዜው እያለቀ ባለቤቶቹን አማረራቸው። እነሱም አላቂ ዕቃ ነው መባላቸውን አልተቀበሉትም፤ ተሰባስበው ከሰሱ። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2010 ተስማማ፤ ሸራ ላስቀየሩት የወጪያቸውን ግማሽ፣ እስከ 150 ዶላር ድረስ ሊመልስላቸው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ሰዎቹ ግን «የአነዳድሽ ነው» ከሚል መልስ ድነዋል። እኔም የምፈልገው መጀመሪያ ይህንን ነው። ፒኖቹን ይቀይሩ፣ ሸራውንና ዲስኩን ይተኩ፣ እዚህ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ እንዲሠራው በጽሑፍ ይፍቀዱ። ለሌሎቹ ገዢዎችም ይንገሩ። እኛ ያላገኘናቸው ስንቶች ልጅ ጭነው ይሄዳሉ?

አራታችን ደብዳቤ አዘጋጅተናል፤ ለሻጩ፣ ግልባጩ ለፋብሪካው። አንዱ መምህር ነበር፣ ጽሑፉን አሳምሮታል። የቴክኒኩ ክፍል ግን የመካኒክ ቃል ብቻ ነው። «መካኒክ ምን ያውቃል» እንዳይሉን እፈራለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ። እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ይህን መስመር ጽፌ እየደለዝኩት ነው። አንቺ ፖሊ ቴክኒክ ተምረሽ፣ በዚሁ ሙያ ስንት ዓመት ሠርተሽ፣ ቃልሽ ይሰማል። እኔ ፔዳ ግቢ ሆኜ ጂኦግራፊ ስሸመድድ አንቺ ሞተር ፈተሽ ዘይት በዘይት ሆነሽ ትመጪ ነበር፤ ያ ሁሉ ዘይት ለዚህ ቀን ነው። ፎቶዎቹን አይተሽ ያየሽውን ብትጽፊልን። ከስምሽ ጋር ማለቴ ነው... ከፈቀድሽ። መሥሪያ ቤትሽ ከአስመጪዎች ጋር እንደሚሠራ አውቃለሁ። ችግር የሚያመጣብሽ ከሆነ ተይው፣ ከልቤ ነው፣ አልቀየምሽም። ያኔ ስምሽን ሳታስገቢ ደብዳቤውን አርሚልን፤ የተሳሳተ ነገር ካለ እነሱ ሳያገኙት አንቺ አግኚው።

ስልክ ያልደወልኩት ድምፅሽን ስሰማ ወሬው ወደ ሌላ እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው። ደግሞ በዚህ ሁሉ ዝምታ ላይ የመጀመሪያው ቃሌ ልመና መሆኑ ከብዶኛል። ግን ከማን ጋር ልማከር?

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ከእያንዳንዱ ሸራ ጎን ማስመሪያ አለ። ፒኖቹንም በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ አልጠረግኳቸውም፣ እንዳሉ ናቸው። ሶማሌ ተራ ለዚህች መኪና የሚሆን ኦሪጅናል ሸራ ካለም ጠይቂልኝ፤ ፎርጅድ እንዳይሸጡልሽ ራስሽ እዪው። ደብዳቤውን የምናስገባው ዓርብ ነው፣ እስከ ሐሙስ ማታ መልስሽን እጠብቃለሁ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጆቹንም ሳሚልኝ።

ያንቺው