ብስክሌቷን ለቆራሌው እንዳይሰጧት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ «ብስክሌቷን በረንዳ ላይ ዝገት ከሚበላት ለቆራሌው ልስጣት» ሲሉኝ ዝም ያልኩት ኔትወርክ ተቋርጦ አይደለም፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው። እስቲ በደብዳቤ ልሞክረው።

ሰናይትን መቼም አይረሷትም፣ ጎማዋን ሊነፉላት ማታ ማታ እኛ ቤት የምትመጣዋን። አሁን የምትኖረው ኮፐንሃገን ነው። ከፍራንክፈርት ሄጄ ሦስት ቀን እሷ ዘንድ ሰነበትኩ። ገና እንደደረስኩ የጎረቤቷን ብስክሌት ተውሳ አስረከበችኝ።

የመጀመሪያው ሰዓት ላብ በላብ አደረገኝ። የዚያ ብስክሌት የኋላ ፍሬን መሪው ላይ የለም፤ የሚይዘው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያሽከረከርኩ ያንን ቂርርር የሚል ድምፅ መስማት እወድ የለ? እንደ ልማዴ ባደርገው ብስክሌቱ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ከኋላዬ የነበረው ሰው ለጥቂት ሳተኝ። እዚያ አገር የሚቆም ሰው አስቀድሞ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ የሚታጠፍም ወደሚታጠፍበት ይዘረጋል። ሰናይት ይህን ልታስረዳኝ ስትጀምር ግን ለመታጠፊያው እጄ ቀድሟት ተዘርግቶ ነበር። «መጀመሪያ ዓይንሽን ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ እጅሽን፣ ከዚያ መሪውን» ይሉኝ የለ? ጎረቤቱ ሁሉ «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ!» እያለ እርስዎ ከኮርቻው ሥር ይዘው አብረውኝ የሮጡበት ዘመን ነው የታወሰኝ።

የብስክሌቱ መንገድ ከመኪናው በጠርዝ ድንጋይ ከፍ፣ ከእግረኛው ደግሞ ዝቅ ብሎ ለብቻው ይሄዳል። ኖሬብሮጋዴ በሚባለው ጎዳና ጠዋት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሳያዛንፍ ወደ መሀል ከተማ የሚነዳ ሰው ከመብራት መብራት አረንጓዴ እየተቀበለው ያልፋል። ወደቡ አጠገብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተ፣ ለብስክሌት ብቻ የተሠራ ድልድይ አለ፤ ወለሉ ብርቱካናማ ነው፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ከውሃው በላይ ያልፋል። በእሱ ስንወርድ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ የጣና ዳር መንገድ መጣብኝና አለቀስኩ። ሰናይትም አየችኝ፤ ምንም አላለችም፤ ቀስ ብላ ጎኔ ነዳች።

አሲስተንስ የተባለው መካነ መቃብር ውስጥ፣ ተረት ጸሐፊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ባረፈበት ግቢ፣ ሰው በመሀል መንገዱ በብስክሌት ያልፋል። የተፈቀደ ነው። እኔ ግን ወርጄ እየገፋሁ አለፍኩ። እርስዎ ጊዮርጊስ ደጅ ሲደርሱ ወርደው ሳይሳለሙ አልፈው አያውቁም፤ እግሬ እምቢ አለኝ።

ልነግርዎ የፈለግኩት ግን ይህ ነው። መብራት ላይ አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ቆሙ፤ ከእርስዎ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። ከዘራቸውን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ በላስቲክ አስረውታል። ለመራመድ የሚቸገሩ ሰውዬ፣ መብራቱ ሲበራ ከእኛ ቀድመው ሄዱ። ማንም አልገፋቸው፣ ማንም ጥሩምባ አልነፋባቸው።

አባባ፣ እርስዎ የተውት ጉልበትዎ ከድቶዎት ብቻ አይደለም፤ ባጃጅ ገፍቶ ከጣለዎት ወዲህ መንገዱ አስፈርቶዎት ነው። ኮፐንሃገንም ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ መኪና ብስክሌቱን ሊያጠፋው ምንም አልቀረው ነበር። በእኛ 1966፣ ያ ቤንዚን ተወዶ የአዲስ አበባ ታክሲዎች አደሙ እያሉ የሚያወሩን ዓመት፣ ዴንማርኮችም ነዳጅ አጥሯቸው እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብስክሌተኛው በሺዎች ሆኖ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ እየወጣ «መንገድ ይሰጠን» አለ። ለምነው ሳይሆን ጠይቀው ያገኙት ነው። ባሕር ዳርም ሜዳ ናት፣ ብስክሌት የለመደች ከተማ ናት፤ ለእርስዎም እንዲህ ያለ መንገድ ይገባዎት ነበር ብዬ ውስጤ ተቃጠለ።

ስለዚህ እባክዎ ለቆራሌው አይስጧት። ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ማልደን፣ ባጃጁ ሳይወጣ፣ ጣና ዳር ይዘን እንወጣለን። ቢደክምዎ እኔ እገፋታለሁ። የጎማዋ ቁጥር ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ 26 ይሁን 28 ረሳሁት። እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ ጎማውንም ካላማዳሪያውንም ከዚህ ገዝቼ እመጣለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ